አሰልጣኙ መቼ ይባረራል?

ባለፈው ቅዳሜ ደሴ፣ ፒያሳ አካባቢ ባለች ትንሽ አዳራሽ ለስፖርት ወዳጆችና ስለ ኳስ መጻፍ ለጀመሩ ልጆች ያደረግኩት ንግግር ነው። መምጣት ያልቻሉ ጓደኞቼ በጽሑፍ ስጠን ስላሉኝ በተቻለኝ መጠን እንደተናገርኩት አስፍሬዋለሁ።

እንደምን ዋላችሁ። ሐረጎን ወጥታችሁ ከኮምቦልቻ ለመጣችሁ፣ ከሆጤም ከሸዋ በርም በዚህ ብርድ በእግራችሁ ለመጣችሁ፣ ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።

ቡናው እስኪደርስ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ስልካችሁን አውጡ። ስለ አሰልጣኝ ያነበባችሁትን የመጨረሻ ዜና ፈልጉ። የትኛውም ክለብ ይሁን፣ የኛም የፈረንጅም። አገኛችሁ? እሺ። ዜናው ስለ ስንብት የሆነ፣ ወይ ተባረረ፣ ወይ ሊባረር ነው፣ ወይ ወንበሩ ተነቃነቀ የሚል የሆነ እጁን ያውጣ።

(ከግማሽ በላይ ሰው እጁን አወጣ።)

አሁን ደግሞ ያ አሰልጣኝ በዚህ ሳምንት ልምምድ ላይ ምን እንዳሠራ የሚናገር ዜና ያገኘ እጁን ያውጣ።

(ማንም አላወጣም።)

ዛሬ ልነግራችሁ የመጣሁት ይህንኑ ነው። የአሰልጣኝ ስንብት ለእኛ ለጸሐፊዎች በጣም ቀላሉ ዜና ነው። ሜዳ መሄድ አይጠይቅም፣ ውል ማንበብ አይጠይቅም፣ አንድ የስልክ ጥሪ ይበቃዋል። ቀላል ስለሆነ ለመድነው። አሰልጣኙ ላይ ስናፈጥ ደግሞ እሱን የቀጠረውን፣ ውሉን የፈረመውን፣ ደመወዙን ያልከፈለውን ሰው ሳናየው ያልፈናል። ሰውየው ተባሮ ሌላ ይመጣል። የቀጠረው ሰው እዚያው ቁጭ ብሏል። እኛም እንደገና ከአዲሱ አሰልጣኝ እንጀምራለን።

የማንቸስተር ዩናይትድ ደጋፊ እዚህ አይጠፋምና ከምታውቁት ልጀምር። እ.ኤ.አ. ግንቦት 21 ቀን 2016 ነው። የክለቡ አሰልጣኝ ሉዊ ቫን ሃል ክሪስታል ፓላስን አሸንፎ የእንግሊዝን የኤፍኤ ዋንጫ በላ። ለክለቡ ከ12 ዓመት በኋላ የመጣ የኤፍኤ ዋንጫ ነው። ተጫዋቾቹ ሜዳ ላይ ገና እየጨፈሩ ሞሪንሆ ሊተካው ነው የሚል ዜና ወጣ። ሰውየው ጋዜጣዊ መግለጫው ላይ ዋንጫውን በእጁ ይዞ ገባ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ስለ ስንብቱ ተጠየቀ። እሱም ለስድስት ወር ሲያባርሩት ከከረሙ ጋዜጠኞች ጋር በዚህ ጉዳይ እንደማይነጋገር ተናግሮ ወጣ። በሁለተኛው ቀን ተሰናበተ።

ዜናው ውሸት አልነበረም፣ ይህን ልብ በሉ። ጋዜጠኞቹ ልክ ነበሩ። ግን ያንን ምስል እስቲ አስቡት። ዋንጫ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ፣ ዋንጫውን ያመጣው ሰው ፊት ለፊት ቁጭ ብሎ፣ ዋንጫው እንዴት እንደመጣ የሚጠይቅ ሳይሆን ሰውየው መቼ እንደሚሄድ የሚጠይቅ በዝቶ። እኔ የቫን ሃል ደጋፊ አይደለሁም፣ የዚያን ጊዜ የዩናይትድ ጨዋታ እንቅልፍ ያመጣ ነበር። ቢሆንም ያ ምስል ከአእምሮዬ አይወጣም። ምክንያቱም እኔም አድርጌዋለሁ።

ታሪኩን ልንገራችሁ። ከዓመታት በፊት ነው። የክለቡን ስም አልጠራም፣ የአሰልጣኙንም አልጠራም። ከእኛው አካባቢ መሆኑ ይበቃል። ቡድኑ አራት ጨዋታ በተከታታይ ተሸንፏል። ማታ ሦስት ሰዓት ገደማ ስልኬ ጠራ። የክለቡ አመራር ውስጥ ያለ ሰው ነው። "ሰውየው አልቆለታል፣ ጻፍ" አለኝ። ሌላ ሰው ልጠይቅ አላልኩም። አሰልጣኙ ጋ ልደውል አላልኩም፣ ቁጥራቸው ግን ስልኬ ላይ ነበር። በሃያ ደቂቃ ውስጥ "የአሰልጣኙ ስንብት የሰዓታት ጉዳይ ሆኗል" ብዬ ለጠፍኩ። ታማኝ የውስጥ ምንጮች እንደገለጹልን ብዬም ጨመርኩበት። ምንጮች አልነበሩም፣ አንድ ምንጭ ነው የነበረው። እሱም የራሱ ጉዳይ ያለው ሰው።

ጠዋት ስነሳ ከ400 በላይ አስተያየት ተሰጥቶበታል። ስድቡን አልነግራችሁም። በኋላ ነው የሰማሁት፣ ማታ ስልክ ሲደወልልኝ ቦርዱ ገና አልተሰበሰበም ነበር። በማግስቱ ሲሰበሰብ ያ የደወለልኝ ሰው የኔን ጽሑፍና ከሥሩ ያለውን ስድብ አንብቦላቸው "ደጋፊው እኮ ተነስቷል፣ እኛ ምን እናድርግ" አላቸው። አሰልጣኙ የዚያን ዕለት ከሰዓት ተሰናበቱ። እኔም "ቀድመን እንደነገርናችሁ" ብዬ ሁለተኛውን ዜና ለጠፍኩ።

በሦስተኛው ቀን መናኸሪያ አገኘኋቸው። አንድ ትልቅ ቦርሳ፣ አንድ የተጠቀለለ ብርድ ልብስ፣ በፌስታል የያዙት የልምምድ ጫማ። ፊቴን ላዞር ነበር፣ እሳቸው ቀደሙኝ። "ና ሻይ እንጠጣ፣ መኪናው ገና አልሞላም" አሉኝ። ተቀመጥን። አልተቆጡኝም። ቦርሳቸውን ከፍተው ሽፋኑ የተላጠ ደብተር አወጡና ፊቴ አስቀመጡት።

እያንዳንዱ ገጽ አንድ የልምምድ ቀን ነው። ቀኑ ላይ ተጽፏል፣ ከሥሩ በማስመሪያ የተሰመረች ሜዳ፣ በሰማያዊ እስክሪፕቶ የተሳሉ ቀስቶች። በስተግራ የተጫዋቾቹ ስም ተደርድሯል። አንዳንዱ ስም በቀይ ተጽፏል። ቀዩ ምንድን ነው ብዬ ጠየቅኳቸው። "ቁርስ ሳይበላ የመጣ ነው" አሉኝ። ክለቡ ለካምፑ ምግብ የሚመድበው ገንዘብ ካለቀ ስድስት ሳምንት ሆኖታል። ደመወዝ ከቆመ ሦስት ወር። ስለዚህ ጠዋት ጠዋት ማን በልቶ ማን ሳይበላ እንደመጣ ይጠይቁና ያልበላውን ሩጫ ያስቀሩለታል፣ ኳስ ብቻ ያስነኩታል። የመጨረሻዎቹን ገጾች ገለጥኳቸው። ከቀን ወደ ቀን ቀዩ እየበዛ ነው የሄደው። የመጨረሻው ገጽ ላይ በሰማያዊ የቀሩት ስሞች አምስት ናቸው።

እኔ እኮ በዚያው ወር ምን ብዬ ጽፌ ነበር መሰላችሁ? "ቡድኑ ከ60ኛው ደቂቃ በኋላ ይደክማል፣ አሰልጣኙ የአካል ብቃት ላይ አልሠሩም።" አንብበውታል። "ልክ ጽፈሃል ልጄ" አሉኝ። "ይደክማሉ። ለምን ብለህ አንድ ቀን ብትመጣ ግን ጥሩ ነበር።" ረዳቱ ሞልቷል ብሎ ጮኸ። ተነሱ። እኔ አንገቴን ስደፋ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው "አብሽር" ብለውኝ ሄዱ። ተባራሪው እሳቸው፣ የሚያጽናኑትም እሳቸው።

ከዚያ ቀን በኋላ ነው ዜና ስጽፍ እጄ መዘግየት የጀመረው። የቸኮለች ጅብ ቀንድ ነከሰች ይባላል። እኔ የነከስኩት የሰው እንጀራ ነው።

አሁን ወደ ትልቁ ሜዳ እንሂድ። ጥቅምት 2005 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ ሲያልፍ እናንተ ውስጥ ገና ልጅ የነበራችሁ አላችሁ። እኔ ፒያሳ ነበርኩ። የማያውቀውን ሰው ያላቀፈ አልነበረም። አሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው የሕዝብ አባት ሆኑ። ቀጥለው ቡድኑን ለዓለም ዋንጫ የመጨረሻው የአፍሪካ ማጣሪያ አደረሱት፣ ብራዚል ለመግባት የቀረው የናይጄሪያ የደርሶ መልስ ጨዋታ ብቻ ነበር። በመሃል ሁለት ቢጫ ካርድ ስላለበት መሰለፍ የማይችል ተጫዋች ከቦትስዋና ጋር በመሰለፉ 3 ነጥብ ተቀነሰብን። ያ ስህተት የሜዳ ስህተት አልነበረም፣ የመዝገብ ስህተት ነው። ቡድኑ ከነቅጣቱ ምድቡን በአንደኝነት ጨረሰ። በናይጄሪያ ተሸነፍን። ከዚያ በአገር ውስጥ ሊግ ለሚጫወቱ ብቻ በሚዘጋጀው የአፍሪካ ውድድር፣ በቻን፣ ሦስቱንም የምድብ ጨዋታ ተሸነፍን። 2006 ላይ አሰልጣኙ ተሰናበቱ። ከዚያ የፒያሳ ሌሊት በኋላ በ16 ወር ገደማ።

ከእሳቸው በኋላ ፖርቱጋላዊው ማሪያኖ ባሬቶ መጡ። ዮሐንስ ሳህሌ መጡ። ገብረመድህን ኃይሌ መጡ። አሸናፊ በቀለ መጡ። 2010 ላይ ለአብርሃም መብራቱ እስኪሰጥ ድረስ በአራት ዓመት አራት አሰልጣኝ። ከ31 ዓመት በኋላ የተገኘ ቡድን በእጃችን ላይ ቀለጠ። የእያንዳንዱ ስንብት ሲጻፍ እናስታውሳለን። ለመሆኑ አራቱንም የመረጠው ማን ነበር፣ በምን መስፈርት መረጠ፣ ሲሳሳትስ ምን ሆነ የሚል ስንት ጽሑፍ አነበባችሁ?

ከአብርሃም በኋላ ብሔራዊ ቡድኑን የያዙትን ውበቱ አባተን ውሰዱ። ሰኔ 2014 ግብጽን 2 ለ 0 አሸነፉ። ግብጽን! ያ ጨዋታ እኮ በሜዳችን የምንጫወተው ጨዋታ ነበር። የተካሄደው ግን ማላዊ፣ ሊሎንግዌ ነው። ለምን? የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን፣ ካፍ፣ የሚቀበለው አንድ ስታዲየም በአገሪቱ ስላልነበረ። ዓመት ሳይሞላ ከቡድኑ ጋር ተለያዩ። በሜዳው መጫወት ያልቻለ ቡድን አሰልጣኝ በውጤት ይገመገማል፣ ሜዳውን ያላዘጋጀው አካል በምን ይገመገማል? እኔ ይህን ስል አሰልጣኙ አይሳሳትም እያልኩ አይደለም። የጥያቄያችንን አቅጣጫ ነው የምለው።

ወደ እኛ ቤት ስንመጣ ደግሞ ነገሩ የባሰ ነው። ደሴ ከተማንም ወሎ ኮምቦልቻንም ከፍተኛ ሊግ ላይ ስናይ ኖረናል፣ ሁላችንም የምንወዳቸው ናቸው። በአገራችን አብዛኛው ክለብ የሚተዳደረው በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው። ይህ ማለት ምን ማለት እንደሆነ አስባችሁታል? ሹም ሽር ሲመጣ ቦርዱ ይቀየራል። ቦርዱ ሲቀየር አዲሱ ሰብሳቢ የራሱን ሰው ይፈልጋል። ስለዚህ አሰልጣኙ ሰንጠረዡን ብቻ ሳይሆን ማዘጋጃ ቤቱንም እያየ ነው የሚያድረው። ሐምሌ ላይ ቡድን ሠርቶ፣ ታኅሣሥ ላይ የፈረመለት ሰው ሌላ ቦታ ተመድቦ፣ ጥር ላይ ማንም ቃል ያልገባለት ሰው ሆኖ ይገኛል። ይህ ሁሉ በእኛ ዜና ውስጥ አንዲት ዓረፍተ ነገር ነው፤ "ክለቡና አሰልጣኙ በስምምነት ተለያዩ።" በስምምነት የምትለዋን ቃል ባያችሁ ቁጥር ቆም በሉ። ቀሪ ደመወዝ ተከፈለ ወይ? ስንት ወር ቀርቶት ነበር? ክስ ቀርቧል ወይ? እነዚህን የሚመልስ ዜና ሳይኖር በስምምነት ብሎ መጻፍ የክለቡን ደብዳቤ መገልበጥ ነው።

"ቢሆንም አሰልጣኝ ሲቀየር ቡድን ይነቃቃል" ትሉኛላችሁ። አዎ ይነቃቃል፣ አይቻለሁ። ግን እዚህ ላይ አንድ የማልረሳው ጥናት አለ። ባስ ተር ቬል የሚባል ሆላንዳዊ የኢኮኖሚ ተመራማሪ የአገሩን ሊግ ከ1986 እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ያለውን ውጤት አገላብጦ አየ። ውጤት ሲበላሽባቸው አሰልጣኝ ያባረሩ ክለቦችን ወሰደ። ከጎናቸው ደግሞ ልክ እንደዚያው ተበላሽቶባቸው አሰልጣኛቸውን ያቆዩ ክለቦችን አስቀመጠ። ያባረሩት ተሻሻሉ። ያላባረሩትም እኩል ተሻሻሉ።

ጉንፋን ይዟችሁ በስድስተኛው ቀን ጤናዳም በቡና ብትጠጡ በሰባተኛው ቀን ይሻላችኋል። ጤናዳም ይመሰገናል። ጎረቤታችሁ ምንም ሳይጠጣ እሱም በሰባተኛው ቀን ተሽሎት ከቤት ሲወጣ ግን ማንም ልብ አይለውም። አራት ጨዋታ የተሸነፈ ቡድን አብዛኛውን ጊዜ አምስተኛውን ወይም ስድስተኛውን አያጣውም። እኛ ግን አዲሱን አሰልጣኝ "አስማተኛው" ብለን እንጽፋለን። ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ወንበሩ ተነቃነቀ እንላለን።

ፈርጉሰንን ማንሳት የተለመደ ነው፣ ግን አለማንሳት አልችልም። እ.ኤ.አ. ኅዳር 1986 ማንቸስተር ዩናይትድ ገባ። ታኅሣሥ 1989 ላይ ሦስት ዓመት ሙሉ ሰበብ ብቻ ነው፣ ደህና ሁን የሚል ጨርቅ በክለቡ ሜዳ ኦልድ ትራፎርድ ላይ ተሰቅሎበታል። ያን ዓመት በሊጉ 13ኛ ሆኖ ጨረሰ። በዚያው ዓመት ከክለቡ ጋር የመጀመሪያውን ዋንጫ በላ፣ ከዚያ የሊጉን ዋንጫ 13 ጊዜ አንስቶ በ2013 በገዛ ፈቃዱ ወጣ። እሱን ተክቶ የስድስት ዓመት ውል የተሰጠው ሞይስ አሥር ወር ገደማ ነው የቆየው። ሁሉም የታገሡት ሰው ፈርጉሰን ይሆናል አልልም፣ ብዙዎቹ አይሆኑም። ግን የዛሬው የዜና ፍጥነት በ1989 ቢኖር ኖሮ እሱ ይተርፍ ነበር ብዬ አላምንም። ሌላው የእንግሊዝ ክለብ ቶተንሃም አሰልጣኙን አንጄ ፖስቴኮግሉን የዩሮፓ ሊግ ዋንጫ ባነሳ በ16ኛው ቀን አሰናበተው። የሊጉ ውጤታቸው መጥፎ ነበር፣ 17ኛ ነበሩ፣ ልክ ነው። ለክለቡ ግን ከ17 ዓመት በኋላ የመጣ የመጀመሪያ ዋንጫ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ወንድሜ ፊቱን ሲያጨልም እያየሁ ነው፣ ምን ሊለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። መባረር ያለበት አሰልጣኝ የለም ወይ? አለ፣ በደንብ አለ። ተጫዋች የሚማታ አለ። ለማስፈረም ከልጁ ገንዘብ ድርሻ የሚጠይቅ ካለ አንድ ቀን ማደር የለበትም። ልምምድ የማያሠራ፣ የማይማር፣ በምክትሉ ትከሻ የሚኖር አለ። እሱን ጻፉት! ግን በማስረጃ ጻፉት። ሳም አላርዳይስን አስታውሱ። በ2016 የእንግሊዝ ብሔራዊ ቡድንን ይዞ 67 ቀን፣ አንድ ጨዋታ ብቻ ነው የቆየው። ያስወረደው የእንግሊዙ ጋዜጣ የቴሌግራፍ ጋዜጠኞች ማንነታቸውን ደብቀው የቀረጹት ንግግር ነው። አሠራራቸውን የሚነቅፍ አለ፣ መከራከር ይቻላል። ግን እነሱ ሠርተው ያገኙትን ነው ያወጡት፣ ለወራት የደከሙበትን። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ የደወለላቸውን ሰው ቃል አይደለም።

እናንተ ወጣቶቹ ስለ አሰልጣኝ ስትጽፉ ምን ታደርጋላችሁ? የኔ ልማድ እንዲህ ሆኗል። ማክሰኞና ረቡዕ ልምምድ ሜዳ እሄዳለሁ። ስንት ተጫዋች እንደመጣ እቆጥራለሁ። ስንት ኳስ እንዳለ እቆጥራለሁ፣ አትሳቁ፣ ለ24 ሰው 7 ኳስ ያየሁበት ቀን አለ። ወጌሻ አለ ወይ? ማን ተጎድቶ ነው ዳር የቆመው? ከሽንፈት በኋላ በቀጣዩ ልምምድ አሰልጣኙ ምን ቀየረ? ይህን ይዛችሁ ስትጽፉ ደጋፊው የሚያነበው ሌላ ነገር ነው። ስድቡ ይቀንሳል፣ ጥያቄው ይበዛል፣ ጥያቄው ደግሞ ወደ ቢሮ ይሄዳል።

አሰልጣኝ ሲቀጠር ውሉን ጠይቁ። ላይሰጧችሁ ይችላሉ፣ ጠይቁ። ለስንት ዓመት ነው? ምን ውጤት ቃል ገባ? ካልመጣ ምን ይሆናል? ማነው የፈረመው? ስሙን ጻፉት። አሰልጣኙ ሲሰናበት ያንን ስም እንደገና ጻፉት። አንድ ሰብሳቢ በሦስት ዓመት አራት አሰልጣኝ ካሰናበተ፣ ዜናው አራተኛው አሰልጣኝ አይደለም።

የስንብት ወሬ ሲደርሳችሁ ደግሞ፣ ይደርሳችኋል፣ መጀመሪያ አሰልጣኙ ጋ ደውሉ። ከሜሴጅ፣ ከፌስቡክ፣ ከልጁ ስልክ ላይ ሥራ ማጣቱን ያነበበ አሰልጣኝ አውቃለሁ። ሚስቱ ወጥ ላይ ነበረች፣ ልጁ ነው አምጥቶ ያሳያቸው። ሁለት ደቂቃ ብትዘገዩ ማንም አይሞትም። ሌላው ቢቀድማችሁም ቀደመ ነው።

ጥያቄ ካለ እቀበላለሁ።

(አንድ ከኮምቦልቻ የመጣ ልጅ ተነሥቶ "እሺ፣ የስንብት ዜና ካልለጠፍን ማን ያነበናል? ላይክም የለም፣ ሼርም የለም" አለኝ።)

እውነትህን ነው። መጀመሪያ ይቀንሳል። የኔም ቀንሶ ነበር፣ ለአንድ ዓመት ገደማ። የልምምድ ሜዳ ጽሑፍ እንደ ስንብት ዜና አይሮጥም፣ ልዋሽህ አልችልም። ግን በዚያ ዓመት ውስጥ ተጫዋቾች ራሳቸው መደወል ጀመሩ። ከዚያ ወጌሻው ደወለ። ከዚያ የካምፑ ምግብ አብሳይ እናት ደወሉ፣ ሽንኩርት የሚገዛበት ካለቀ ሁለት ሳምንት ሆነው አሉኝ። ያንን ጻፍኩት። እስከ ዛሬ ከጻፍኩት ሁሉ ሰው በጣም ያነበበው እሱን ነው። በአራተኛው ቀን ገንዘቡ ተለቀቀ።

ማክሰኞ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ሆጤ እገኛለሁ። መምጣት የሚፈልግ ይምጣ፣ ጃኬት ልበሱ፣ ከጦሳ የሚወርደው ብርድ አይቻልም። ደብተርና ሁለት እስክሪፕቶ ያዙ፣ አንድ ሰማያዊ፣ አንድ ቀይ።